በላይኛው ምክር ቤት የእኛ ሰው ማነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሥነ ዜጋ ክበብ አባል በሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነበበ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ክበባችን ይህን ርእስ ሲሰጠኝ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደስ አላለኝም ነበር። ሌሎቹ ጓደኞቼ ስለ እግር ኳስ፥ ስለ ሐይቁ ዓሣ፥ ስለ አምባሰል ቅኝት እንዲናገሩ ሲታዘዙ ለእኔ የደረሰኝ «የላይኛው ምክር ቤትና አባሎቹ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ እንጂ ለተማሪ ምን ይረባዋል ብዬ አጉረመረምሁ። ዛሬ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ለምን እንደ ለወጥሁም እነግራችኋለሁ።

ሥራውን የጀመርሁት በመጠየቅ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ «በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥ የእኛ ሰው ማነው?» እያልሁ ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ «ፓርላማውን ነው የምትለው?» አለኝ። ባለ ባጃጁ ስቆ «እኔ የማውቀው የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ብቻ ነው» ሲል መለሰልኝ። አንድ ትልቅ ሰው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ስም ጠሩልኝ፤ በኋላ ባጣራው ግን እኒያ የተጠሩት ሰው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩ ናቸው እንጂ የላይኛው ቤት አባል ሆነው አያውቁም። በመጨረሻ ወደ አያቴ ሄድሁ። አያቴ እንደ ልማዳቸው «አብሽር፥ መጀመሪያ ተቀመጥ» ብለው ቡናው እስኪፈላ አስቆዩኝና እንዲህ አሉኝ፤ «በጃንሆይ ጊዜ ሁለት ምክር ቤት ነበረን። ለመምሪያው እኛ እንመርጣለን፤ ለመወሰኛው ጃንሆይ ራሳቸው ይሾማሉ። አሁን ማን እንደሚሾም አንተ ተማሪው ንገረኝ እንጂ!»

መልስ አጣሁ። በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከሐይቃችን ዳር ልጀምር። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚባል ማዕርግ በነገሥታቱ ዘንድ ከፍ ያለ የምክር ወንበር የነበረው መሆኑን ነው። እንግዲህ ነገሩን በዛሬ ቃል ብንናገረው ሐይቅ በላይኛው ምክር ቤት ወንበር ነበራት ማለት ነው፤ ወንበሩን የሚያሰጠው ግን ድምፅ ሳይሆን ቆብ ነበር። ከዚህ ወደ አምባሰል ከፍ ስንል ደግሞ ጃንጥራሩን እናገኛለን። ጃንጥራርነት በትውልድ የሚወረስ የአምባሰል ገዥ ማዕርግ ሲሆን፥ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ይህ ማዕርግ ነበራቸው። እዚያ ወንበሩን የሚያሰጠው ደም ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በታወጀ ጊዜ እነዚህ የቆዩ ልማዶች አዲስ ስም አገኙ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የጃፓንንም ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ተመልክተዋል። በዚህ ሕግ የላይኛው ቤት «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»፥ የታችኛው ደግሞ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ተባለ። ለእኛ ለዚህ አካባቢ ልጆች፥ አንድ ቃል ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አስተምሮናልና እነዚህን ሁለት ስሞች ልብ ብላችሁ አስተያዩአቸው፤ አንደኛው ይመራል፥ ሁለተኛው ይወስናል። የመወሰኛው አባሎች በመስፍንነት፥ በሚኒስትርነት፥ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የመምሪያውን አባሎች እንኳ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ የሚመርጧቸው።

በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታችኛው ቤት ምርጫ ለሕዝብ ተሰጠ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ። የመወሰኛው ምክር ቤት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት እንደ ጸና ቀረ። አባሉ ዕድሜው 35 ዓመት የሞላው፥ መስፍን ወይም ባለ ማዕርግ፥ ወይም በከፍተኛ ሹመት ላይ የነበረ፥ ወይም በጠባዩና በአገልግሎቱ በሕዝብ ዘንድ የተከበረ መሆን አለበት። ዘመኑ 6 ዓመት ሲሆን በየ2 ዓመቱ የአባሎቹ ሢሶ ይለወጣል፤ ጠቅላላ ቁጥራቸውም ከታችኛው ቤት እኩሌታ አይበልጥም።

በወረቀት ላይ ይህ መልካም መስሎ ይታያል። በዕድሜና በሥራ የበሰሉ ሰዎች የጎልማሶቹን ሐሳብ ረጋ ብለው ቢመረምሩት ምን ክፋት አለው? እኛም በወሎ ክፉ ጠብ ሲነሣ ወደ አበጋሮቹ የምንሄደው ለዚህ አይደለምን? ዳሩ ግን አበጋር ከሚዳኛቸው ሰዎች ጋር በአንድ ቀዬ ይኖራል፤ ዝናቡ ሲቀር ለእርሱም ይቀርበታል። በመወሰኛው ቤት የተቀመጡት ግን ብዙዎቹ ባለ ብዙ መሬት ነበሩ። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማስተካከል የተረቀቀው ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ከዓመት ዓመት ሲጓተት ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የእኛው ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ሁለቱም ምክር ቤቶች በአዲስ አበባ ነበሩ፤ የረሃቡን ነገር ለዓለም ያሰማው ግን ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያሳየው ፊልም ነው። አያቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገሩም። ብጠይቃቸው «እህሉም ሰውም አለቀ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ። መወሰኛውን በየተራ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት መካከል ናቸው። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ያሉት አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የነበረው የሽግግር ጊዜ ምክር ቤትም እንዲሁ አንድ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከ20 ዓመት በላይ የላይኛ ቤት ሳይኖራት ቆየች።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች አቋቋመ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ከምርጫ ክልል ይመጣል፤ የእነርሱም ቁጥር ከ550 አይበልጥም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ግን የሚጠየቀው «ከየት ቦታ መጣህ?» ተብሎ ሳይሆን «ከየትኛው ብሔር፥ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ መጣህ?» ተብሎ ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ 1 አባል አለው፤ ከዚያ በላይ በሕዝቡ ቁጥር በየ1 ሚሊዮኑ 1 ይጨመርለታል። 4 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው 5 ወንበር ያገኛል ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን አርጎቦች ቁጥራቸው ከሚሊዮን እጅግ ያነሰ ቢሆንም ወንበራቸው አይቀርባቸውም፤ ይህን እኔ መልካም ሥርዓት ነው እላለሁ። የአባሎቹ ዘመን 5 ዓመት ነው፤ አንድ ሰውም በአንድ ጊዜ የሁለቱም ምክር ቤቶች አባል ለመሆን አይችልም። በአፈ ጉባኤነት ከመሩት መካከል የመጀመሪያዋ ወይዘሮ አልማዝ መኮ፥ በኋላም ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሴቶች መሆናቸውን እኅቶቻችን ሴት ተማሪዎች ልብ ይበሉልኝ።

ከዚህ የምንረዳው ሐይቅ እንደ ሐይቅ፥ አምባሰልም እንደ አምባሰል በዚህ ቤት ወንበር የሌላቸው መሆኑን ነው። ባለ ሱቁና ባለ ባጃጁ ስም ቢያጡ አልፈርድባቸውም። ደግሞም አንድ ነገር ይከነክነኛል። በወሎ አማራው፥ ኦሮሞውና አርጎባው በአንድ ገበያ ውሎ፥ በአንድ ሰርግ በልቶ፥ በጋብቻ ተሳስሮ የኖረ ነው። አባቱ ከአንዱ፥ እናቱ ከሌላው የሆነ ልጅ በማን ወንበር ይቆጠራል? ይህን ለመምህራችን አቅርቤላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ጥያቄህን ያዘው» አሉኝ። ይዤዋለሁ።

ሥራውስ ምንድን ነው? በብዙ አገር የላይኛው ቤት ከታችኛው ጋር ሕግ ያወጣል። የእኛው ግን ሕግ የማውጣት ሥራ የለውም። ዋናው ሥልጣኑ ሕገ መንግሥቱን መተርጐም ነው፤ ይኸውም ሌሎች አገሮች ለዳኞች የሰጡት ሥራ ነው። 11 አባሎች ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ ያቀርብለታል፤ ውሳኔው ግን የምክር ቤቱ ነው። በክልሎች መካከል ጠብ ሲነሣ ይመለከታል፤ የሕገ መንግሥቱ ሥርዓት አደጋ ላይ ሲወድቅም የፌዴራሉ መንግሥት በክልል ውስጥ ጣልቃ እንዲገባ ያዝዛል።

እነዚህ ቃላት በመጽሐፍ ላይ ሲነበቡ የደረቁ ናቸው፤ በሕይወት ላይ ሲወርዱ ግን እንዴት እንደሆኑ እናንተም ታስታውሳላችሁ። በወረርሽኙ ምክንያት የተላለፈው ምርጫ ጉዳይ ለትርጉም ቀርቦ፥ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፥ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የነበሩት ምክር ቤቶች ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ከውሳኔው አስቀድሞ ሥራቸውን ለቀቁ። የትግራይ ክልል በውሳኔው ባለመስማማት ለብቻው ምርጫ አደረገ፤ ምክር ቤቱም ምርጫውን እንዳልተደረገ ቈጠረው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ምክር ቤቱ በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም ውሳኔ ሰጠ። ማን አጠፋ፥ ማን አለማ የሚለውን ለመፍረድ አልቆምሁም፤ ዕውቀቴም አይፈቅድልኝም። የማውቀው ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ እኛ ወርዶ ከየቤታችን ያስወጣን መሆኑን ነው። በዚያ አዳራሽ እጅ ሲወጣ ጥላው እስከዚህ ይደርሳል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራው ገንዘብ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚከፈል፥ የጋራ የሆነውም ግብር እንዴት እንደሚካፈል የሚወስነው ይህ ምክር ቤት ነው። ክልሉ የደረሰውን በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያካፍላል። ከወረዳው በጀት የሚበልጠው ለደመወዝ ይውላል፤ የመምህራኖቻችንም ደመወዝ በዚያ ውስጥ ነው፤ ከደመወዝ በተረፈችው ደግሞ ጠመኔ ይገዛል። እኔ ይህን ስከታተል የገንዘቡ መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ በባሕር ዳር አድርጎ፥ በዚህች በጥቁር ሰሌዳችን ፊት ሲቆም አየሁት። ስለዚህ አባሉ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ለተማሪ ምን ይረባል ያልሁትን ቃል መለስሁ።

የክልላችን ምክር ቤትስ? የአማራ ክልል ምክር ቤት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ላይኛ የለውም። በአገራችን በክልል ደረጃ ሁለት ቤት በማቋቋም የታወቀው በ1994 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያሻሻለው የደቡብ ክልል ነበር፤ ከ50 የሚበልጡ ብሔረሰቦች ስለ ነበሩበት «የብሔረሰቦች ምክር ቤት» አቆመ። ያ ክልል ራሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እየተከፈለ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሎች ክልሎች ተተክቷል። በአሜሪካ ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙ የየራሳቸው የላይኛ ቤት አላቸው፤ ነብራስካ ብቻዋን በአንድ ቤት ትኖራለች፤ ጎደለብኝም አላለችም።

ከሁሉ የወደድሁት የሕንድን ነው። በሕንድ 6 ክልሎች ብቻ የላይኛ ቤት አላቸው። ከአባሎቹ ሢሶውን የከተማና የአውራጃ ምክር ቤቶች፥ ሢሶውን የታችኛው ቤት ይመርጣል፤ ከ12 እጅ 1 እጁን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፥ ሌላውን ከ12 እጅ 1 እጅ ደግሞ መምህራን ይመርጣሉ፤ የቀረውን አገረ ገዥው በሥነ ጽሑፍ፥ በሳይንስ፥ በኪነ ጥበብ፥ በኅብረት ሥራና በማኅበራዊ አገልግሎት ከታወቁት ሰዎች ይሾማል። መራጭ የሚሆነው መምህር ከሁለተኛ ደረጃ በማያንስ ትምህርት ቤት ቢያንስ 3 ዓመት ያስተማረ መሆን አለበት። መምህራኖቻችን ሆይ፥ በዚህ ሕግ ብንሄድ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዛሬውኑ መራጮች ናችሁ! የሚገርመው ደግሞ በዚያም የአባሎቹ ሢሶ በየ2 ዓመቱ መለወጡ ነው፤ ልክ እንደ ቀድሞው እንደ እኛ መወሰኛ።

ወደ ራሳችን ስመለስ ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በላይኛው ቤት ወንበር የሚጨመረው በሕዝብ ቁጥር ከሆነ የሕዝቡ ቁጥር መታወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ ይላል። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ደጋግሞ ተላለፈ። እዚህ የተቀመጥን ተማሪዎች አብዛኞቻችን ከዚያ ወዲህ የተወለድን ነን። እንግዲህ ወንበሩ ሲደለደል እኔ የለሁበትም፤ ጓደኞቼም የላችሁበትም። በመዝገብ ጠሪ ፊት «አለሁ!» ብሎ ሳይሰማ እንደ ቀረ ተማሪ ነን።

ሁለተኛው ምርጫው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን አባሎች የሚመርጡ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በ61ኛው አንቀጽ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ የክልል ምክር ቤት ከወደደ ራሱ ይመርጣል፥ ከወደደም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋል። በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ በሁለተኛው በር የገባ የለም። ብዙ ጊዜም የሚላኩት በክልሉ ውስጥ ሌላ ሹመት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ 2 ጊዜ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ ሁለቱን ሥራ ለማጣመር ይቻላቸዋል። በአሜሪካም የአገሪቱን ሴናተሮች ይመርጡ የነበሩት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። ወንበሩ በጉቦ ይገዛል የሚል ሐሜት ሲበዛ፥ በጭቅጭቅም ምክንያት ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚከርምበት ጊዜ ሲበረክት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጡ። ያንን ለማድረግ ከ120 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እኛ ግን ሕጉን ማሻሻል እንኳ አያስፈልገንም፤ በሩ ተሠርቶ ቆሟል፤ የሚጐድለው የሚገፋው እጅ ነው። ሕዝቡ በቀጥታ ቢመርጥ ሁሉ ነገር ይቃናል አልልም፤ ነገር ግን ቢያንስ ባለ ሱቁ ስም ያውቃል።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አያቴ ተመለስሁ። «አባባ፥ አሁን የሚሾም የለም፤ የክልሉ ምክር ቤት ነው የሚመርጠው፤ የክልሉን ምክር ቤት ደግሞ እናንተ ትመርጣላችሁ» አልኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ።

«እኔ የመረጥሁት ሰው መጥቶ እገሌን ላክሁላችሁ አላለኝም» አሉ።

«እርስዎስ ጠይቀውት ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«እሱም አልመጣ፥ እኔም አልሄድሁ» ብለው ሁለተኛውን ቡና አስቀዱልኝ።

ነገሩን ለክበባችን አወራሁ። ተመካክረንም ወረዳችንን ወክለው በክልሉ ምክር ቤት ለሚቀመጡት ሰው ደብዳቤ ጻፍን። በደብዳቤው ውስጥ፥ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት እነማን እንደ ተላኩ፥ እርስዎ ለማን ድምፅ እንደ ሰጡ፥ የድጎማው ቀመር ሲወሰንም የእኛ ተወካዮች ምን እንዳሉ ጠይቀናል። ከአባሎቻችን አንዱ «መልስ ባይሰጡንስ?» ብሎ ነበር፤ ሁለተኛ ደብዳቤ እንጽፋለን ብለን ተስማማን። መልሱ በመጣ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ወላጆችም ወደ ግቢያችን ስትመጡ ጎራ ብላችሁ አንብቡት።